የተቀራረቡ ጥንድ ኮከቦች ራዲያል ፍጥነት፦ ልኬቱ አልስማማ ሲል

ራዲያል ፍጥነት ኮከቡ ወደ እኛ ወይም ከእኛ የሚሄድበት ፍጥነት ነው፤ በስፔክትረሙ (በሞገድ ርዝመት በተዘረጋው ብርሃኑ) ላይ ያሉ መስመሮች ምን ያህል እንደተንሸራተቱ በማየት ይለካል። ስፔክትረሙ ተነስቷል፣ ፍጥነቱ ተለክቷል፣ ነጥቦቹ በፌዝ (ጥንዱ በዙሩ ውስጥ በደረሰበት ክፍል፣ ከ0 እስከ 1) ተደርድረው ግራፍ ላይ ሲቀመጡ ግን አልስማማ ይላሉ። አንዳንዴም በጣም ይስማማሉ፣ የሚወጣው መጠነ ቁስ ግን ለዚያ ዓይነት ኮከብ የማይሆን ነው። ይሄኛው ይብሳል፤ ኩርባው ስላማረ ማንም አይጠረጥረውም። ምህዋር የሚያሰላው ፕሮግራም የሰጣችሁትን ቁጥር ያምናል እንጂ የሁለቱ ኮከቦች መስመሮች ተጣብቀው እንደነበር አያውቅም። ስለዚህ የትኛውንም ችግር ስትፈልጉ መጀመሪያ የመስመሩን ቅርጽ በዓይናችሁ እዩ፣ ቁጥሩ ይደርሳል።

ሁሉም ነጥብ አንድ ላይ ተንሸራቷል

በ500 ናኖ ሜትር አካባቢ የ0.1 ናኖ ሜትር ስህተት 60 ኪ.ሜ በሰከንድ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ የምትመስል የሞገድ ርዝመት ስህተት ሙሉውን ኩርባ ይዛው ትሄዳለች።

መንሸራተቱ ቋሚ ሆኖ ወደ 83 ኪ.ሜ በሰከንድ ከተጠጋ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ቴምፕሌቱ (ፍጥነቱ የታወቀው ማነጻጸሪያ ስፔክትረም) በቫክዩም የሞገድ ርዝመት፣ የእናንተ ስፔክትረም ደግሞ በአየር የሞገድ ርዝመት ነው፣ ወይም በተቃራኒው። አንዱን ወደ ሌላው መቀየር ብቻ ነው።

መንሸራተቱ ከወር ወር የሚለዋወጥ ከሆነ የምድር እንቅስቃሴ እርማት ላይ ችግር አለ። ምድር ፀሐይን ስትዞር ልኬቱን እስከ 30 ኪ.ሜ በሰከንድ ወዲህና ወዲያ ታወዛውዘዋለች። እርማቱ ጭራሽ ካልተደረገ ስህተቱ ይኸው ነው፤ ምልክቱ ተገልብጦ ከተደረገ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ መደመር የነበረብኝን ቀንሼ፣ ሦስተኛ ኮከብ አገኘሁ ብዬ አንድ ሳምንት ተደስቼ ነበር። ዳታውን የሚያጸዳው ፕሮግራም እርማቱን ራሱ አድርጎት እናንተ ደግማችሁ እንዳታደርጉትም የፋይሉን ራስጌ አንብቡ።

በአንዱ ሌሊት ውስጥ ቀስ እያለ የሚንሸራተት ከሆነ ስፔክትሮግራፉ በሙቀት ለውጥ ወይም ቴሌስኮፑ ሲዞር በመተጣጠፍ እየተንቀሳቀሰ ነው። የመስመሮቹ የሞገድ ርዝመት የታወቀውን የቶሪየም አርጎን መብራት ከኮከቡ በፊትም በኋላም አንሱና በሁለቱ መሃል ያለውን አሰሉ። ከ687 ናኖ ሜትር ጀምሮ ያሉት የከባቢ አየራችን የኦክስጅን መስመሮች ነጻ ምስክር ናቸው፦ የምድር እርማት ከመደረጉ በፊት ከዜሮ ብዙም መራቅ የለባቸውም። መብራቱ ትክክል ሆኖ እነሱ ከተንቀሳቀሱ ኮከቡ ስሊቱ (የስፔክትሮግራፉ ጠባብ የብርሃን መግቢያ) መሃል አልተቀመጠም።

ኩርባው ያምራል፣ መጠነ ቁሱ ግን አንሷል

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የተቀራረቡ ጥንዶች በስበት ተያይዘው አንዱን ዙር በጨረሱበት ጊዜ በራሳቸው ዛቢያም አንዴ ይሽከረከራሉ። የዙር ጊዜያቸው ሰዓታት ብቻ ሲሆን የገጻቸው ፍጥነት ከ100 ኪ.ሜ በሰከንድ ያልፋል፣ መስመሮቻቸውም ጠባብ መሆናቸው ቀርቶ ሰፋፊ ጉብታ ይሆናሉ። ሁለት ሰፊ ጉብታዎች ሲነካኩ የአንዱ ትከሻ በሌላው ላይ ይወጣና ሁለቱም ጫፎች ወደ መሃል ይሳባሉ።

ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት የጋውስ ጉብታዎች አሉ እንበል፣ እያንዳንዳቸው በግማሽ ቁመታቸው 200 ኪ.ሜ በሰከንድ ስፋት አላቸው። እውነተኛው ርቀታቸው 300 ከሆነ ጫፎቹን ብታነቡ 299 ታገኛላችሁ። ምንም አልጎደለም። ርቀቱ 200 ሲሆን የምታነቡት 161 ብቻ ነው። 150 ላይ ሲደርስ ደግሞ አንድ ጉብታ ብቻ ይታያል፤ እዚያ ቦታ ሁለት ቁጥር የሚሰጣችሁ ፕሮግራም ከራሱ እያወራ ነው።

የፍጥነቱ ግማሽ ስፋት (የመስመሩ ስፋት ሳይሆን ፍጥነቱ ከአማካዩ የሚርቅበት ትልቁ መጠን) በመጠነ ቁስ ስሌት ውስጥ በሦስተኛ ደረጃ ነው የሚገባው። የሁለቱም ኮከቦች ግማሽ ስፋት 10 ከመቶ ቢያንስ መጠነ ቁሱ 27 ከመቶ ይቀንሳል። ቅሪቱን (በነጥቦቹና በኩርባው መካከል ያለውን ልዩነት) ብታዩት ግን ሁሉም ነጥብ ወደ መሃል ስለተሳበ ኩርባው ለስላሳ ነው።

መፍትሄው ከምልከታ ዕቅድ ይጀምራል። ዋናው ግርዶሽ ፌዝ ዜሮ ከሆነ ከ0.15 እስከ 0.35 እና ከ0.65 እስከ 0.85 ያለውን ያዙ፣ በግርዶሾቹ አጠገብ ያለውን ለምህዋር ስሌት አትጠቀሙበት። ከዚያ ጫፍ ማንበብ ይቅር፤ ሁለቱን ጉብታዎች በአንድ ጊዜ ግጠሙ። ኮከቦቹ ራሳቸው ለሚነካኩ ጥንዶች ደግሞ የጋውስ ቅርጽ ሳይሆን የተሽከርካሪ ኮከብን ቅርጽ ተጠቀሙ።

ተራው ክሮስ ኮሪሌሽን (ቴምፕሌቱን በስፔክትረሙ ላይ እያንሸራተቱ የሚመሳሰሉበትን ቦታ መፈለግ) የቴምፕሌቱንም ስፋት በውጤቱ ላይ ይጨምራል። ሩቺንስኪ በ1992 ያቀረበው የብሮድኒንግ ፈንክሽን (የመስመር መስፋትን የሚያወጣ) ዘዴ ይህን ያስወግዳል፤ ለሚነካኩ ጥንዶች እኔ በቀጥታ ወደ እሱ ነው የምሄደው። ሁለቱ ኮከቦች በዓይነት ከተለያዩ የዙከርና የማዜህ ቶድኮር የተባለው ዘዴ፣ በ1994 የወጣው፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቴምፕሌት ይሰጣል። የትኛውንም ብትመርጡ ቴምፕሌቱ ዓይነቱ የሚቀርብና በዝግታ የሚሽከረከር ኮከብ ይሁን። የስፔክትረሙ ነጥቦችም በሞገድ ርዝመት ሎጋሪዝም እኩል የተራራቁ መሆን አለባቸው፤ ያለዚያ ያው አንድ ፍጥነት በሰማያዊውና በቀዩ ጫፍ የተለያየ የፒክስል ቁጥር ይሆናል።

መስመሮቹ ከሚገባው በላይ ሰፍተዋል

ኤክስፖዠሩ (ብርሃን የሚሰበሰብበት ጊዜ) ረዝሞባችኋል። የዙር ጊዜው 8 ሰዓት፣ ግማሽ ስፋቱ 200 ኪ.ሜ በሰከንድ ለሆነ ኮከብ፣ በግርዶሽ አካባቢ ፍጥነቱ በሰዓት 157 ኪ.ሜ በሰከንድ ይለወጣል። የ20 ደቂቃ ኤክስፖዠር መስመሩን 52 ኪ.ሜ በሰከንድ ይጎትተዋል። የአንድ ሰዓት ኤክስፖዠር ደግሞ ግማሽ ስፋቱን በራሱ 2.5 ከመቶ ያሳንሰዋል፣ መጠነ ቁሱን ከ7 ከመቶ በላይ። ከዙር ጊዜው 2 ከመቶ አትለፉ። ብርሃኑ ካልበቃ በተለያዩ ሌሊቶች በተመሳሳይ ፌዝ የተነሱትን አጭር ስፔክትረሞች ደምሩ፣ ከምድር እርማት በኋላ።

እግረ መንገዳችሁን የሰዓቱን ምዝገባ ፈትሹ። ካሜራው የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቅጽበት ነው፣ የሚያስፈልገው የኤክስፖዠሩ መሃል ነው። ብርሃን ከፀሐይ ምድር ለመድረስ ከ8 ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅበትም የጊዜው እርማት (ሰዓቱን ፀሐይ ላይ እንደተለካ አድርጎ መቀየር) መደረግ አለበት። ኩርባው ከግርዶሹ ሰዓት ጋር በትንሽ የማይገጥም ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ምህዋሩ ሞላላ ወጣ

የሰዓታት ዙር ያላቸው ጥንዶች ምህዋር በስበት መጎተት ክብ መሆን አለበት። ሞላላነት (ለክብ ዜሮ የሆነው ቁጥር) 0.05 ከወጣ ግኝት ብላችሁ አትቸኩሉ። በግርዶሽ ጊዜ የተሽከርካሪው ኮከብ አንዱ ጎን ሲሸፈን ፍጥነቱ የሐሰት ይዛባል፤ ሮሲተርና ማክላፍሊን በ1924 በቤታ ሊሬና በአልጎል ያሳዩት ይኸው ነው። እነዚያን ነጥቦች አውጡ። ካልተሻሻለ የሃይድሮጅን መስመሮችን ትታችሁ በብረት መስመሮች ብቻ ለኩ፤ በጥንዶቹ መካከል የሚፈስ ጋዝ በመጀመሪያ የሚያበላሸው ሃይድሮጅንን ነው። አንዱ ኮከብ ሌላውን የሚያሞቅ ከሆነ ደግሞ የምትለኩት የኮከቡን መሃል ሳይሆን የሞቀውን ፊት ነው፤ ይህ እርማት ከብርሃን ኩርባው ሞዴል ነው የሚመጣው።

የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ

ሁለቱ ሲመሳሰሉ ስማቸው ይቀያየራል፣ ፕሮግራሙም የተሳሳተ የዙር ጊዜ ይይዛል። የአንዱን ፍጥነት በአግድም፣ የሌላውን በቁም አድርጋችሁ ሳሉ። ዊልሰን በ1941 እንዳሳየው ነጥቦቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መውደቅ አለባቸው፤ የመስመሩ ዝንባሌ የመጠነ ቁሶቹን ጥምርታ ይሰጣል፣ የዙር ጊዜውን ማወቅም አያስፈልግም። ስሙ የተቀየረ ነጥብ ከመስመሩ ወጥቶ በዲያጎናሉ (ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል በሚሆኑበት ሰያፍ መስመር) ማዶ እንደ መስታወት ምስል ይቀመጣል፤ ሁለቱ ኮከቦች እኩል ከሆኑ ግን አይለይም። መስመሩ መሃል ላይ ከጎበጠ ስም አትቀይሩ፣ ከላይ ወዳለው የተጣበቁ ጉብታዎች ችግር ተመለሱ።

የማይንቀሳቀስ ሦስተኛ ጫፍ

ሶዲየም ወይም የካልሲየም ኬ መስመር ላይ ብቻ ከታየ ከኮከቡ እስከ እኛ ባለው መንገድ ላይ ያለ ጋዝ ነው። ሃርትማን በ1904 በዴልታ ኦሪዮኒስ ላይ ሌሎቹ መስመሮች ሲወዛወዙ ካልሲየሙ ቆሞ ያየው ይህንን ነው። ሁሉም መስመሮች ላይ ካለ ጨረቃን ጠርጥሩ፤ የጨረቃ ብርሃን የፀሐይ ስፔክትረም ስለሆነ ከእርማቱ በፊት ዜሮ አጠገብ ይገኛል፣ ከእርማቱ በኋላ ደግሞ ከወር ወር ከእርማቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጠባብ ሆኖ ከእርማቱ በኋላም በአንድ ፍጥነት ላይ ከቆመ እውነተኛ ሦስተኛ ኮከብ ሊሆን ይችላል። አትሰርዙት። እንደ ሦስተኛ ጉብታ አብራችሁ ግጠሙት፤ ካልተገጠመ ሁለቱንም ወደ ራሱ ይስባቸዋል።