አባዬ ፕሮስቴቱ ውስጥ የጨረር ፍሬ ተደርጎለት ቤት ሲመለስ፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንዳለፍናቸው

አባዬ ከአሜሪካ ሲመለስ እኔ የአራት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜን ሊጠይቅ ሄዶ እዛው ምርመራ ሲያደርግ የፕሮስቴት (ወንዶች ፊኛ ስር ያለ እጢ ነው) ካንሰር ተገኘበት፣ ከእጢው ገና አልወጣም ስለተባለ ኦፕራሲዮን ከሚሆን ብለው ሲድ የሚሉትን የጨረር ፍሬ አስገቡለትና በሶስተኛው ሳምንት መጣ። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሰፈራችን እንዲህ አይነት ህክምና አድርጎ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም፣ ስንደናገር ነው የተማርነው፣ ስለዚህ አባቱን ወይ ባሏን የሚያስታምም ሰው ካለ እንዳይደናገር ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ይግባችሁ። ሲድ ማለት ከሩዝ ፍሬ የቀጠነች የታይታኒየም ቅንጣት ናት፣ ርዝመቷ 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ውስጧ ጨረር የሚሰጥ ነገር አለ፣ ለአባዬ የተደረገው አዮዲን 125 የሚባለው ነው። ሰውየው ተደንዝዞ በአልትራሳውንድ እያዩ በቆለጥና በፊንጢጣ መሃል ባለው ቦታ በቀጫጭን መርፌ ያስገቧቸዋል፣ እንደ እጢው ትልቀት ከ50 እስከ 100 ምናምን ይሆናሉ። አይወጡም፣ እድሜ ልክ እዛው ይቀራሉ። ጨረሩ ግን በየ60 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በ10 ወር 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ከዓመት በኋላ ባዶ ብረት በሉት። ይቺን 60 ቀን ያዙልኝ። ኦፕራሲዮን ቢሆን ቁስሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየዳነ ነው የሚመጣው፣ ይሄኛው ግን ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ነው ገና ስራውን የሚጀምረው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ደህና የነበረ ሰው በሶስተኛው በአራተኛው ሳምንት ሲብስበት "ህክምናው አልሰራም" ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ እየሰራ ስለሆነ ነው።

እኛ ግን መጀመሪያ የደነገጥነው በሌላ ነገር ነው። አንዲት ጎረቤታችን "ጨረር ያለበት ሰው ጋር እርጉዝ አታድርም" አለች፣ ከልቧ ተጨንቃ ነው፣ እኔም ፈርቼ አማቴ ቤት ሄጄ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ። እማዬ ሳህኑንና ብርጭቆውን ለየችለት፣ እሱም ምንም ሳይል ለብቻው ጥግ ይዞ መብላት ጀመረ። ብቻውን በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ማታ ደውሎ "እማ፣ ቤቱ ቀዝቅዟል" ሲለኝ ወንድሜ ጋ ደወልኩና ሆስፒታሉ የሰጠውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ።

ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሽንቱ፣ ላቡ፣ ምራቁ ጨረር የለውም፣ አብሮ መብላት፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ልብሱን ከሌላው ጋር ማጠብ ችግር የለውም። ጨረሩ በጣም ደካማ ስለሆነ አብዛኛውን የራሱ ሰውነት ያስቀረዋል። ጥንቃቄው ለእርጉዝ ሴትና ለህጻናት ብቻ ነው፣ እሱም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ ህጻን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ረጅም ሰዓት አለመቆየት። ሰላም ብሎ ማቀፍ፣ ክፍል ውስጥ አብሮ መሆን ይቻላል። እማዬ እርጉዝ ስላልሆነች አብራው መተኛት ትችላለች። (የሁሉም ሆስፒታል መመሪያ አንድ አይነት ላይሆን ይችላል፣ ለእናንተ የተሰጣችሁን ወረቀት ተከተሉ፣ ካልተሰጣችሁ ሳትወጡ ጠይቁ።)

በነጋታው ተመለስኩ። አባዬ በር ላይ ስገባ አይቶኝ መቋሚያውን አነሳና ከሶፋው ፊት ወለሉ ላይ አጋድሞ "ይቺን አትለፊ፣ በዚህ በኩል የኔ ግዛት ነው" አለኝ። መቋሚያው ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ሁለት ወር ሙሉ ያቺ መቋሚያ እዛው ተጋድማ ነበር፣ እኔ ከወዲያ እሱ ከወዲህ ሆነን ቡና ጠጣን፣ የታላቅ ወንድሜ የሶስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጭኑ ላይ መውጣት ሲፈልግ ኳስ እያንከባለለለት ያጫውተው ነበር። እባካችሁ አባታችሁን አታግልሉ። የበሽታው ስም ብቻ በቂ ነው ለሰውየው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፣ ሽንት። ካንሰሩ ራሱ ምንም አላሳመመውም ነበር፣ ያሰቃየው ጨረሩ እጢውን ሲያሳብጠው የመጣው ነው። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲመጣ ፋታ አይሰጥም፣ ያቃጥላል፣ ደግሞ ለመሽናት ሲቆም ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ይነሳል። ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ሶስት ወር ያለው ነው ክፉው ጊዜ፣ ከዛ ቀስ እያለ ይቀላል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ዓመት ይቆያል። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ላይ ትንሽ ደም መታየቱ፣ መርፌ የገባበት ቦታ መጥቆሩና ማበጡም ያለ ነው፣ አባዬ ጋቢ አጥፎ እሱ ላይ ነበር የሚቀመጠው።

አባቶቻችን ደግሞ ይደብቃሉ። አባዬ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፣ "እኔ ከአዋሽ አዳማ ሽንቴን ይዤ እመጣ የነበርኩ ሰው" ይላል፣ ለልጁ ሽንት አልወጣ አለኝ ማለት ሞት ነው ለሱ። ስለዚህ አትጠይቁት፣ አስጽፉት። እኔ አንድ የታናሽ ወንድሜን አሮጌ ደብተር ሰጠሁት፣ በሄደ ቁጥር ሰዓቱን፣ በደንብ ወረደ ወይስ ተንጠባጠበ፣ ያንን ብቻ ይጽፋል። ሳንነጋገር ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ሐኪሙም ከምንም በላይ የወደደው ያንን ደብተር ነው።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር። በአምስተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዘው፣ እኔ ፋርማሲ ሄጄ "ለጉንፋን የሚሆን" ብዬ አፍንጫ የሚከፍት ክኒን ገዛሁለት፣ ሻጩም አልጠየቀኝም እኔም አልነገርኩትም። በዛው ቀን ለቅሶ ነበረበት መገናኛ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሽንቱን ይዞ ቆየ። ማታ ቤት ሲገባ ጭራሽ እምቢ አለ። ከእንብርቱ በታች እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ላብ በላብ ሆኖ "ምንም አልሆንኩም" ይለኛል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ታላቅ ወንድሜ በኮንትራት ታክሲ ወሰደው፣ ካቴተር የሚሉት የሽንት ማውጫ ቱቦ ሲገባለት አንድ ሊትር ምናምን ወጣለት፣ ሳምንት ይዞት ቆየ። ሐኪሙ ነው የነገረን፣ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው አፍንጫ የሚከፍቱ መድኃኒቶችና እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ ክኒኖች የሽንት መውጫውን ያጠብቃሉ ወይ ፊኛውን ያሰንፋሉ። የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም እንዳይወስዳቸው። ማንኛውም ፋርማሲ ስትገቡ ቀድማችሁ "ፕሮስቴት አለበት" በሉ፣ ይቺን አንዲት ቃል ብናገር ያ ሌሊት ላይመጣ ይችል ነበር።

ስለዚህ ሽንት ጭራሽ ካልወጣና ሆዱ ከተወጠረ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ። ትኩሳቱ 38 ካለፈ፣ የረጋ ደም ከወጣ ወይ ደሙ ካልቆመም እንደዛው። ግን ድንገተኛ ክፍል ስትሄዱ ያቺን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሲድ እንዳለው የማያውቅ ባለሙያ ቶሎ ፕሮስቴቱ ተቆርጦ ይውጣ ሊል ይችላል፣ ሲዱ ከገባ በኋላ በቶሎ እንደዛ ማድረግ ሽንት መቆጣጠር እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ስለሚችል መጀመሪያ ያከሙት ሐኪሞች ይጠየቁ።

ለሽንቱ የታዘዘለት ታምሱሎሲን የሚባል የሽንት መውጫውን የሚያላላ መድኃኒት ነው። በየቀኑ አንድ አይነት ሰዓት፣ ምግብ ከበላ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። አባዬ ጿሚ ስለሆነ ከእራት በኋላ አደረግነው፣ ያኔ በጾምም በፍስክም ሰዓቱ አይዛባም። መድኃኒቱ ሲነሱ ያዞራል፣ በተለይ ሌሊት፣ ስለዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጦ ነው የሚነሳው፣ ፖፖም አጠገቡ አደረግንለት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ሌሊት ኮሪደር ላይ መውደቅ ከካንሰሩ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

ውሃ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነው፣ ሽንት እንዳይመጣብኝ ብሎ መጠጣት ያቆማል። ሽንቱ ሲወፍር ይበልጥ ያቃጥላል። ቀን ቀን በደንብ ይጠጣ፣ ከመተኛቱ ሁለት ሶስት ሰዓት በፊት ይቀንስ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሱ ጀሪካን ለብቻ ነበረች፣ እማዬ ማንም እንዳይነካት ታስጠብቅ ነበር። ቡና ፊኛ ያስቆጣል፣ አባዬ አቦሉን ብቻ ጠዋት ይጠጣል፣ ቶናና በረካው ለኛ። ሚጥሚጣና ቀይ ወጥ የሚያቃጥለው ሰው አለ፣ አልጫና ሽሮ አልጫ ለሁለት ወር ማንንም አልገደለም። አረቄና ጠላ ይቅር። ሆድ ድርቀት እንዳይዘው ተልባ፣ ጎመን፣ ፓፓያ። ጸበል የሚጠጣ ከሆነ በአንዴ ብዙ ሊትር እንዳይጠጣ፣ አባዬ የንስሐ አባቱን አማክሮ ትንሽ ትንሽ ነው የወሰደው፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ቅዳሴ ላይም መሃል ላይ መውጣት አፍሮ መሄድ አቁሞ ነበር፣ እሳቸው በር አጠገብ ቦታ ሰጡት።

መንገድ ለመውጣት፦ ሳይሸና ከቤት አይወጣም፣ ቃሊቲ ላይ አንድ የሚያውቁት ካፌ አለ፣ እዛ ይወርዳል፣ ከዛ ሌላ ታክሲ። ሁለት ትራንስፖርት ይከፍላል ግን ይደርሳል። ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ለመጀመሪያው ወር ባይሆን ጥሩ ነው፣ ሳይክል ደግሞ ጭራሽ። ከባድ እቃ ለመጀመሪያው ሳምንት አያንሳ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። አልፎ አልፎ አንዷ ፍሬ ከሽንት ጋር ልትወጣ ትችላለች፣ መጀመሪያ ሰሞን በማጥለያ ላይ ሽና ይባላል፣ ከወጣች በእጅ አይነኳትም፣ በወረንጦ ይዞ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ከሰው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ያከመውን ቦታ መጠየቅ ነው። ደረት ራጅ ሲነሳ ሳንባ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ቢታይም አንዷ በደም ሄዳ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ አትጎዳም፣ ግን ራጅ ለሚያነበው ንገሩት። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ሰገራ ላይ ደም ከታየ ሐኪም ይየው፣ በፊንጢጣ መሳሪያ ገብቶ ናሙና ከመቆረጡ በፊት ግን ሲድ እንዳለው የግድ ይናገር፣ ጨረር ያገኘው ቦታ ተቆርጦ ላይድን ይችላል። ስለ ባልና ሚስት ጉዳይ እኔ አባቴን ልጠይቀው አልቻልኩም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው ቁጭ ብሎ የነገረው፦ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ኮንዶም፣ የዘር ፈሳሹ ሊጠቁር ወይ ቡኒ ሊሆን ይችላል፣ እየቆየ ደግሞ መጠኑ ይቀንሳል፣ አቅሙ ቢደክም መድኃኒት አለው፣ ይጠይቅ። ኤርፖርት ላይ ማሽን ሊጮህበት ስለሚችል ወረቀቱ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን።

ከዛ በኋላ የሚቀረው ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ነው፣ ከፕሮስቴት የሚወጣ ነገር ደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ለክቶ ካንሰሩን የሚከታተል ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ እንደሚሆነው ወዲያው ዜሮ አይገባም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ዝቅተኛው ላይ ለመድረስ ሁለት ሶስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። መሃል ላይ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሶስት ዓመት ባለው ውስጥ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል። አባዬ በዓመት ከመንፈቅ 0.9 የነበረው 1.6 ሆነ፣ እማዬ ሱባኤ ገባች፣ እኔ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ሐኪሙ የሚያሳስበው ከዝቅተኛው ቁጥር 2 ሲጨምር ነው፣ እንጠብቅ አለን። ከስድስት ወር በኋላ 0.7 ሆነ። ስለዚህ ሁሌ አንድ ላብራቶሪ ላይ አሰሩ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ካለበት መጀመሪያ ይታከም፣ ከምርመራው ሁለት ቀን በፊት ሳይክል መንዳትና የባልና ሚስት ግንኙነት ይቅር፣ ቁጥሩን ያንፉታልና። አባዬ ቁጥሮቹን የሚጽፈው ሽንቱን ይጽፍበት በነበረው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ነው፣ የሚቀጥለው ጥር ላይ ነው፣ ቀኑን በቀይ አክብቦታል።