ቂመኛን ከራስ ወዳድ ስናደባልቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ቂም የያዘን ሰው ሁሉ ናርሲሲስት፣ ማለትም ራሱን ከሌላው አስበልጦ የማየት የስብዕና ችግር ያለበት ራስ ወዳድ፣ ብሎ መፈረጅ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 በአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያው ያካተተው ይህ የስብዕና ችግር ዛሬ 9 መለኪያዎች ያሉት ሲሆን፣ ለምርመራው ቢያንስ 5ቱ መሟላት አለባቸው። ቂም መቋጠር ግን ከ9ኙ አንዱ አይደለም፤ በዚያው መመሪያ በስም ተጠቅሶ የሚገኘው ሰውን ሁሉ በሚጠራጠረው የስብዕና ችግር ሥር ነው። መሬቱን የተነጠቀ ሰው ቢቀየም ሕመምተኛ አይባልም።

ሁለተኛው ራስ ወዳድን ለመለየት ኩራትን ብቻ መፈለግ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጁሊ ኤክስላይንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት «ይገባኛል» የሚለው ስሜት ይቅርታን የሚያግድ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ስሜት የጸናበት ሰው በደሉን ሳይከፈል እንደቀረ ዕዳ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሁልጊዜ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ አይደለም፤ ዝምተኛና ሆደ ባሻ ሆኖ ነገሩን ሌት ተቀን የሚያብሰለስልም አለ።

ሦስተኛው ቂሙ ከምን እንደመጣ ሳይሰሙ ለማስታረቅ መቸኮል ነው፤ ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ በሽምግልና ተቀምጬ ነበር። የታላቅየው ቅሬታ ከስድስት ዓመት በፊት በታናሹ ሠርግ ላይ ከጎረቤት ጋር እንዲቀመጥ መደረጉ ነበር፤ ማን ዞር ብሎ እንዳየው፣ ጠላው በምን እንደቀረበለት ጭምር አንድም ሳያዛንፍ ተረከልን። እኛ ግን ለመጨረስ ቸኩለን «ይቅር ለእግዚአብሔር በል» እያልን ወተወትነው። ታናሹ ጉልበቱን ሊስም ሲያጎነብስ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበና «ይኼ አይበቃም» አለ። ምን ቢደረግለት እንደሚበቃው ስንጠይቀው መልስ አጣ፤ የያዘው ዕዳ ልክ እንዳልነበረው ያኔ ገባኝ። በማግስቱ ለብቻው ሳነጋግረው፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ታናሹን ያሳደገው እርሱ መሆኑን ተናገረ፤ ሠርጉ ላይ የጠበቀው የአባትን ቦታ ነበር። ይህን አስቀድመን ብንሰማ ኖሮ በሰው ፊት ጉልበት ከማሳም ይልቅ ያ ውለታ በግልጽ እንዲነገርለት እናደርግ ነበር።

የመጨረሻው ስህተት በዳዩ የናርሲሲስት ጠባይ ሲኖረው ተበዳዩን «ታረቅና እንደ ድሮህ ኑር» ብሎ ማስገደድ ነው። ቂምን መተው አንድ ነገር ነው፤ የቤትን በር መልሶ መክፈት ሌላ ነው፤ ሽማግሌ ሁለቱን ለይቶ ሊጠይቅ ይገባዋል።