ሕግ አርቃቂ ጠበቃ መሆን ካማራችሁ ከ«እና» ጀምሩ

ችሎት ቆሞ መሟገት አይስባችሁም፣ ግን የፍትሕ ነገር እንቅልፍ ይነሳችኋል? አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ ለእንደናንተ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ሥራ አለ። የሕግ አውጪው ጠበቃ ይባላል። ሕጉ ሳይወጣ ቃላቱን አንድ በአንድ ታበጥራላችሁ። ዝና አትጠብቁ፤ ረቂቁ የሚጠራው በምክር ቤት አባሉ ስም ነው።

መንገዱ የታወቀ ነው። 4 ዓመት ዲግሪ፣ 3 ዓመት የሕግ ትምህርት፣ ከዚያ የጥብቅና ፈቃድ የሚያሰጠው የባር ፈተና። የሕግ አወጣጥና አተረጓጎም ኮርስ ግን እንዳያመልጣችሁ። ትምህርት ሲዘጋ አንዱን ዓመት የግዛት ምክር ቤት ውስጥ ተለማመዱ፣ ሌላውን ደግሞ መንግሥት ለድሃ ተከሳሾች ከሚያቆማቸው ጠበቆች ጋር ሥሩ። እነሱ ዘንድ አንዲት ሐረግ በሰው ዕድሜ ላይ ምን እንደምትሠራ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ለምሳሌ የ1986ቱን የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ እዩ። 5 ግራም ክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) የያዘ ሻጭ፣ 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን ከያዘው እኩል ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰር ነበር። ኮንግረስ በ2010 ክራኩን ወደ 28 ግራም ከፍ አደረገው፣ ከመቶ እጥፍ ወደ 18 እጥፍ ወረደ ማለት ነው። ጉዱ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ የተፈረደበት ሰው አልተካተተም። እስር ቤት ያለው በ2010ሩ ሕግ መሠረት ቅጣቱ እንዲቀነስለት ማመልከት የቻለው «ፈርስት ስቴፕ አክት» የተባለው ሕግ በ2018 ሲወጣ ነው። ስለዚህ ረቂቅ ስትይዙ መጀመሪያ «ከመቼ ጀምሮ? ለማን?» በሉ።

ያው የ2018ቱ ሕግ ደግሞ በአንዲት «እና» የተነሳ ሌላ ጣጣ አመጣ። ዳኛው ከዝቅተኛው ቅጣት በታች መፍረድ የሚችለው ተከሳሹ «ሀ፣ ለ እና ሐ የሌለበት» ሲሆን ነው ይላል፣ ሦስቱም ስለ ቀድሞ የወንጀል ሪከርዱ ናቸው። እስቲ ሀ እና ለ ያለበት፣ ሐ ግን የሌለበት ሰው ያልፋል? ሦስቱ አንድ ላይ ካልተገኙበት ያልፋል ያሉ ዳኞች ነበሩ፤ የለም፣ ለመውደቅ አንዷም ትበቃለች ያሉም ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2024፣ 6 ለ3፣ አንዷም ትበቃለች አለ። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያምራል፤ ሕግ ላይ ሲሆን ሰው ያሳስራል። ይህችን አንቀጽ ሁለት ትርጉም እንዳይኖራት አድርጋችሁ እንደገና ጻፏት። ቀላል ከመሰላችሁ ሞክሩት።

ሥራው የት አለ? የኮንግረሱ ሁለቱም ምክር ቤቶች የየራሳቸው የአርቃቂዎች ቢሮ አላቸው። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው የጥናት አገልግሎትም ጠበቆች ይቀጥራል። እዚህ ግን ለሁሉም ወገን እኩል ነው የምትሠሩት፤ «ይሄ ሕግ ይጽደቅ» ማለት አይፈቀድላችሁም። አፋችሁን መያዝ ካቃታችሁ ለአንድ ፓርቲ የኮሚቴ ሠራተኛ ብትሆኑ ወይም ተሟጋች ድርጅት ብትገቡ ይሻላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከግዛት ምክር ቤት ጀምሩ፤ አብዛኛው እስረኛ ያለው በግዛቶች እስር ቤት ነው፣ ሕጉም የሚወጣው እዚያው ነው።

ደመወዙ ከግል ድርጅቶች ያንሳል፣ አልዋሻችሁም። የፌዴራል የትምህርት ብድር ካለባችሁ ግን ለመንግሥት እየሠራችሁ 120 ወርሃዊ ክፍያ በደንቡ መሠረት ከፈላችሁ የቀረው ሊሰረዝላችሁ ይችላል። ከተቀጠራችሁበት ቀን ጀምሮ የሥራና የክፍያ ማስረጃችሁን ያዙ።

ስታመለክቱ የጽሑፍ ናሙና ይጠይቋችኋል። የክፍል ድርሰት አትላኩ። ያቺን «እና» ያለባትን አንቀጽ እንዴት እንዳስተካከላችኋት በሁለት ገጽ ላኩ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠራም ጨምሩበት።