በለሴ ቅጠል ብቻ ሆነችብኝ፦ የግቢ በለስ ችግርና መፍትሄ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በለስ ስል እሾሃሙን የቁልቋል ፍሬ ማለቴ አይደለም። ቅጠሏ እንደ መዳፍ የተከፋፈለውን፣ ስትቆረጥ ወተት የምታፈሰውን፣ የሾላና የዋርካ ዘመድ የሆነችውን ዛፍ ነው። ሐዋሳ ለሷ ክፉ አገር አይደለም። ፀሐይ አለ፣ ውርጭ የለም። ችግር የሚፈጥሩት የክረምቱ ደመና፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኛው ነን።

ቅጠሏ ያምራል፣ ፍሬ የለም

የኔዋ ሦስት ዓመት እንዲህ ነበረች። ቁመቷ ከጣሪያ በላይ፣ ቅጠሏ ትሪ የሚያክል፣ ፍሬ ግን ጠብ የለም። ጎረቤቴ አባባ በአጥር እያዩ "መርገመ በለስ ደርሶባት ነው" ይሉኝ ነበር። ቀልዳቸው ጥሩ ነው። "ፋንድያ ጨምርባት" ያሉት ግን ነገሩን አባሰው።

በለስ ከጠገበች ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ትጠመዳለች። ፍግ፣ ዩሪያና የየቀኑ ውሃ ሲበዛላት ፍሬውን ትረሳዋለች። ጥላም አለ። በማንጎና በአቮካዶ መሃል የቆመች በለስ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ፀሐይ ካላገኘች ብዙ አትጠብቁባት።

መፍትሄው ማስራብና ሥሯን ማጥበብ ነው። ከትልቋ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን፣ አውራ ጣት የሚያህል እንጨት ቆረጥኩ። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ በደንብ አጥቤ፣ ታቹን በጋለ ብረት ስድስት ቦታ በሳሁት። ከሥር ቀይ አሽ፣ ከላይ አፈርና ትንሽ ብስባሽ አድርጌ እንጨቱን ሁለት ሦስተኛውን ቀበርኩት። በሁለተኛው ዓመት አፈራ። እናትየው ፍግ ከተከለከለች በኋላ እሷም ቀስ በቀስ ወደ ልቧ ተመለሰች።

አዲሱ ቀንበጥ አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥሱት። ግን ጓንት አድርጉ። ወተቱ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል። እኔ ክንዴ ላይ ለሳምንታት ጠባሳ ይዤ ዞሬያለሁ።

የብይ ያህል ሆኖ ይረግፋል

ባልዲ ውስጥ ያለች ከሆነች መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ። ጥር ላይ አንድ ቀን እንኳን ከረሳችኋት ፍሬዋን ታራግፋለች። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ከሆነ አጠጡ።

ውሃው ልክ ሆኖም በየዓመቱ የምትረግፍ ከሆነች ዘሯን ጠርጥሩ። የበለስ አበባ ውስጥ ነው፤ ፍሬ የምንለው ራሱ አበባዎቹን ወደ ውስጥ የያዘ ከረጢት ነው። አንዳንዱ ዓይነት ያለ ምንም እርዳታ ያፈራል። አንዳንዱ ግን በቀዳዳው የምትገባ ደቃቅ ተርብ ካላገኘ ይረግፋል። ሐይቁ ዳር ሾላ ሞልቷል እንዳትሉ፣ የሾላ ተርብ ሌላ ናት። ከፍሬ ዘር የበቀለች በለስ ምን እንደምትሆን አይታወቅም። ስለዚህ አፍርቶ ካያችሁት ዛፍ ላይ እንጨት ለምናችሁ ትከሉ።

ሐምሌ ገባ፣ ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ

ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። በለስ በመሃል ለሳምንታት ዝም ትላለች። አታድግም፣ አትለሰልስም። ከዚያ በመጨረሻዎቹ ቀናት በአንዴ ታብጣለች። ደመና ሲሆን ዝምታው ይረዝማል። ቆርጦ እንደ ሙዝ ቤት ውስጥ ማብሰል አይሞከርም፤ ጥሬዋን የተቆረጠች ጥሬ ትቀራለች።

የሜዲትራኒያን ገበሬዎች የቆየ ዘዴ አላቸው። ፍሬው ቀለሙን መቀየር ሲጀምር ታች ያለችው ቀዳዳ ላይ አንዲት ጠብታ የወይራ ዘይት ያስነካሉ። ሞክሬው የተቀባው ካልተቀባው ቀድሞ በሰለ። ለአራት አምስት ፍሬ ደስ ይላል፣ ለሙሉ ዛፍ ግን ሥራ ፈትነት ነው።

ሊበስል ሲል ተሰነጠቀ

አፈሩ ደርቆ ቆይቶ ድንገት ዝናብ ሲጥል ነው። ሥሯን በቡና ገለባ ሸፍኑ፣ እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ። የተሰነጠቀውን ያን ቀን ብሉት፤ ነገ የጉንዳን ነው።

ቅጠሉ ሥር ዝገት የመሰለ ዱቄት

ዋግ ነው፣ የክረምት እንግዳ። የረገፈውን ቅጠል ሰብስባችሁ አቃጥሉ። ውሃ ቅጠል ላይ አታርከፍክፉ። መሃሏን አሳስታችሁ ነፋስ አስገቡላት።

ከኔ በፊት ጦጣና ወፍ

ለወፍ ያረጀ አጎበር ቆርጣችሁ ፍሬውን አንድ በአንድ አልብሱት። ለጦጣ መላ የለኝም። ከሐይቁ ጥግ የሚመጡት እነዚያ ጉዶች አጎበሩን ራሱ ፈትተው ይበላሉ። ቀድሞ መነሣት ነው።

ደጋ ላይ ላላችሁ

አክስቴ ሀገረ ሰላም ናት። ኅዳር ላይ ደውላ "ጫፉ ጠቆረ" አለችኝ። ውርጭ ነው። ጠንካራው እንጨት ብርድ ይችላል፤ ለጋው ቀንበጥ ነው የሚቃጠለው። የጠቆረውን ቁረጪው፣ ባልዲውን ማታ በረንዳ አስገቢው አልኳት። እንግሊዞች በለስን ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ይተክላሉ። ለኛ ያ የሚሠራው በበጋ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት። ግድግዳ ከመምረጥ ባልዲውን ማዞር ይቀላል።

አፌን አቃጠለኝ

ቸኩላችኋል። ወተቱ ገና አልጠፋም። የበሰለች በለስ አንገቷ ይጎነበሳል፣ ቆዳዋ ይላላል፣ አንዳንዴ ከታች ማር የመሰለ ጠብታ ታንጠለጥላለች። ስትነካ ራሷ እጅ ላይ ትወድቃለች። ጠዋት ቀዝቀዝ እንዳለች ለሁለት ከፍላችሁ ከትኩስ አይብ ጋር ብሏት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አትቆይም። የተረፈውን ማርማላታ ማድረግ ወይም ታኅሣሥ ላይ ሰፌድ ላይ ማድረቅ ይቻላል። እኛ ቤት ግን እስካሁን ተርፎ አያውቅም።