የግል ዌብሳይት ስትከፍቱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የግል ዌብሳይት መክፈት ዛሬ ከባድ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። የሚከብደው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም ሳይጠፋ እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ጀማሪዎች ብዙ የሚጨነቁት ስለ ቀለሙና ስለ ዲዛይኑ ነው። ግን ዲዛይኑ ስላላማረ የጠፋ ዌብሳይት አላውቅም። የሚጠፋው የዌብሳይቱ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ በማን እጅ እንዳለ፣ ክፍያው መቼ እንደሚያልቅ፣ ቅጂው የት እንደተቀመጠ ባለቤቱ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ዶሜይኑን በሌላ ሰው ስም ማስመዝገብ

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ዶሜይን ሻጮች የሚፈልጉት በዶላር የሚከፍል ካርድ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ካርዱ ብዙ ጊዜ ስለማይኖረው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱን “እባክህ ግዛልኝ” ይለዋል። ወይም ዌብሳይቱን የሚሠራለት ልጅ “እሱን ለኔ ተወው” ይለዋል። ገዢው በራሱ ኢሜይል አካውንት ይከፍታል፣ በራሱ ካርድ ይከፍላል፣ አለቀ። ማንም ክፉ አላሰበም። ዓመት ሲሞላ ግን “ዶሜይንዎ ሊያበቃ ነው” የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚሄደው ለእሱ ነው። እሱ ደግሞ ላያየው ይችላል። ካርዱም ተቀይሮ ይሆናል። እናንተ የምትሰሙት ዌብሳይቱ አልከፍት ሲል ነው።

የሚከፍለውና ባለቤቱ የግድ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ራሳችሁ ክፈቱ። ዘመዳችሁ ገብቶ ካርዱን ብቻ ይሙላ፤ ከዚያ ፓስወርዱን ቀይሩ። አቅም ከፈቀደ የሁለትና የሦስት ዓመቱን በአንዴ ክፈሉ፤ ለዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል። የካርዱ ጣጣ ከሰለቻችሁ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚገኘውን ዶት ኢቲ ማሰብም ይቻላል።

እንደ ዶት ኮም ያለ ዶሜይን ስትገዙ “ኢሜይልዎን ያረጋግጡ” የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙ ሰው ማጭበርበሪያ መስሎት ያልፈዋል። በ15 ቀን ውስጥ ካልተረጋገጠ ግን ዶሜይኑ ሊታገድ ይችላል። ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላም ቢሆን የዶት ኮም ባለቤት የ30 ቀን ዕድል አለው። በእነዚያ ቀናት ማስመለስ ይቻላል፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው እጅግ ይበልጣል። ያ ካለፈ ማንም ይገዛዋል። የሰው ስም የነበረ ዌብሳይት የቁማር ማስታወቂያ ሆኖ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ነፃ ዶሜይንም አያጓጓችሁ። እንደ ዶት ቲኬ ያሉትን በነፃ ያድል የነበረው ፍሪኖም እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ምዝገባ አቆመ፣ በ2024 ደግሞ ከዶሜይን ሥራ መውጣቱን አሳወቀ።

አማርኛውን ዝም ብሎ መለጠፍ

የቆየ ጽሑፍ ያላችሁ ሰዎች ይኼን ልብ በሉ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ያገለገሉት ብዙዎቹ፣ የእኛን ፊደል የሚስሉት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ያማረ አማርኛ፣ ዌብሳይት ላይ ሲለጠፍ የምልክትና የላቲን ቅልቅል ይሆናል። ይኼኔ ብዙ ሰው ገጹን ፎቶ አድርጎ ይለጥፈዋል። እንደዚያ አታድርጉ። በፎቶ የተለጠፈ ግጥም ሰው ስንኙን ጎግል ላይ ጽፎ ሲፈልገው የመገኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። ስልክ ላይ ያንሳል። ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነበው ፕሮግራምም ፎቶ ብቻ ነው የሚያገኘው። በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ካልሆነም እንደገና ተይቡት። ልፋቱ አይቆጭም። ለመልኩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ አሉ።

ሌላው ሊንኩ ነው። ብዙ ሰው ዌብሳይት የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ዎርድፕረስ፣ የአማርኛ ርዕሳችሁን ራሱ ሊንክ ያደርገዋል። ውስጥ ውስጡን ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ይወስዳል። “ሰላም” ብቻውን 27 ነው። ቴሌግራም ላይ ኮፒ ስታደርጉት የፐርሰንትና የቁጥር ሰልፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዎርድፕረስ ደግሞ ከ200 ምልክት በላይ ስለማይዝ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆርጠዋል። ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት ሊንኩን በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል አድርጉት። ከወጣ በኋላ ግን አትነካኩት፤ ሰው ያጋራው ሊንክ ሊበላሽ ይችላል።

ፎቶን ከስልክ እንደወጣ መጫን

አንድ የስልክ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን፣ አሥር ፎቶ 50 ሜጋባይት ነው። የሚከፍለው አንባቢው ነው፣ ከሞባይል ዳታው። ወርዱን 1600 ፒክስል ገደማ አድርጉት፤ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል። ስኩሽ የተባለው ነፃ መሣሪያ ብሮውዘር ላይ ይሠራዋል። ከዚያ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ ቀለል ያለ ስልክ ተውሳችሁ ዌብሳይታችሁን ክፈቱት።

የተሰረቀ ቴም መጠቀም

የሚከፈልባቸው ቴሞች (ለዌብሳይቱ መልክ የሚሰጡት) እና ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ የሚጨምሩለት ትንንሽ ፕሮግራሞች) ቴሌግራም ቻናል ላይ በነፃ ይታደላሉ። ብዙዎቹ ውስጥ የተደበቀ ኮድ አለ። ጎብኚያችሁን ወደ ሌላ ገጽ ይወስደዋል፣ ወይም በእናንተ ስም አይፈለጌ ኢሜይል ይልካል። ነፃ ከፈለጋችሁ የዎርድፕረስ የራሱ ማከማቻ ውስጥ ብዙ አለ። የማትጠቀሙበትን ፕለጊን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሰርዙት። አፕዴት ሲመጣ አታቆዩት። ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያንም፣ ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን፣ አብሩ።

ባክአፕን ለሆስቲንጉ መተው

ሆስቲንግ የምንለው ዌብሳይታችሁን ሰርቨሩ (ኮምፒውተሩ) ላይ የሚያኖርላችሁን ድርጅት ነው። ባክአፕ የሚባለውን ቅጂ “እነሱ ያስቀምጡልኛል” አትበሉ። እዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ቅጂ ሰርቨሩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ነፃ ፕለጊን ፋይሉንም ዳታቤዙንም በየሳምንቱ ወደ ጎግል ድራይቭ ይልካል። አንድ ቀን ደግሞ ከቅጂው መልሳችሁ ሞክሩ። ካልተሞከረ ባክአፕ አለኝ ማለት አይቻልም።

የቀሩትን ባጭሩ። ሌትስ ኢንክሪፕት ነፃ የደህንነት ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ በየጊዜው በራሱ እንደሚታደስ አረጋግጡ፣ ካለበለዚያ ጎብኚው ገና ሲገባ ማስጠንቀቂያ ይገጥመዋል። ቀን ስትጽፉ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩት። የቤት አድራሻችሁን አታውጡ። “በቅርቡ ይጠብቁን” ብላችሁ ባዶ ገጽ ከምታቆዩ፣ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትሠሩ የሚናገሩ ሁለት አጫጭር ገጾች ይዛችሁ ውጡ፤ ሌላው ይደርሳል። የመልእክት ፎርም ካላችሁም ከሌላ ኢሜይል ራሳችሁ ጻፉበት። ብዙ ጊዜ መልእክቱ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ ወይም ጭራሽ አይደርስም፤ ሥራ ሊሰጣችሁ የጻፈው ሰው ደግሞ መልስ የነፈጋችሁት ይመስለዋል።