ፍሬቻ እምቢ ሲል፦ ፍላሸር ከመግዛታችሁ በፊት

ክረምት ላይ ጎንደር ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዝናቡ ፍሬቻው ውስጥ ይገባል፣ የኋላ ጎማ ጭቃ ይረጫል፣ ኮብልስቶኑ ደግሞ ሽቦውን ሁሉ ያንገጫግጫል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ እየወረዳችሁ ልትታጠፉ ስትሉ ፍሬቻው እምቢ ካለ፣ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ሐሳባችሁን በምን ያውቃል?

ብዙ ሰው ፍሬቻ ሲበላሽ ሮጦ ፍላሸር ይገዛል፤ ያቺን ቲክ ቲክ እያለች ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የምታደርገውን ትንሽ ዕቃ። እኔ እሷን የምጠረጥራት መጨረሻ ላይ ነው። ብልሽቱ የት እንዳለ የሚናገረው የብልጭታው ፍጥነት ነው። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል።

በአንድ ወገን ብቻ ቶሎ ቶሎ ይላል

በዚያ ወገን ካሉት ሁለት አምፖሎች አንዱ አልበራም ማለት ነው። ፍላሸሩ የለመደውን ጭነት፣ ማለትም አምፖሎቹ የሚስቡትን ኃይል፣ ሲያጣ ይፈጥናል። አንዳንድ የድሮ ፍላሸር ግን በተቃራኒው ይዘገያል፣ ወይም ጭራሽ መብለጭለጭ ያቆማል። ሞተሩን ዞራችሁ የጨለመውን ፈልጉ። አምፖሉ ውስጥ ያለችውን ክር በዓይን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ደህና መስላ የተቆረጠች ትኖራለች። ይልቅ ከሌላው ወገን የሚሠራውን አምፖል አምጥታችሁ ሞክሩ። ከበራ አሮጌውን ጣሉት። ካልበራ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉ የሚገባበት ቤት ነው። ቁልፉን አጥፉና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርጉት፤ ሥር ያለችውን መንካኪያም ትንሽ ወደ ላይ አንሷት።

አዲስ አምፖል ስትገዙ ዋቱን አምፖሉ ሥር ላይ አንብቡ። የነበረው 10 ዋት ከሆነ 10 ይግባ። ባለ 21 ዋት ብታስገቡ በ12 ቮልት ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፤ ብልጭታው ይዛባል፣ ፕላስቲኩም በሙቀት ሊጎዳ ይችላል።

ኤልኢዲ ካስገባሁ ወዲህ አበደ

የተበላሸ ነገር የለም። ኤልኢዲ በጣም ጥቂት ኃይል ስለሚወስድ ፍላሸሩ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። እዚህ ላይ አዎ፣ ፍላሸር ግዙ፤ ለኤልኢዲ የሚሆነውን። ሬዚስተር፣ ማለትም እንደ አምፖሉ ኃይል የሚበላ ዕቃ፣ የሚገጥሙ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ይግላል። ፕላስቲክና ሽቦ አጠገብ እንዳታስሩት። አንዱን ወገን ስታበሩ አራቱም ብልጭ ካሉ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ለቀኝም ለግራም የምትበራው አንዷ መብራት ኤሌክትሪኩን ወደ ሌላው ወገን እያሻገረችው ነው። ኤሌክትሪሺያን ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮድ ይገጥምላችኋል።

ይበራል፣ ግን አይበለጭልጭም

ሞተሩን አስነሱና ጋዝ ስጡት። ያኔ መብለጭለጭ ከጀመረ ባትሪው ደክሟል። አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ድረስ መውጣት አለበት። ካልወጣ አዲስ ባትሪም አያድናችሁም፤ ቻርጅ የሚያደርገው መስመር ይታይ።

ምንም አይሠራም

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ክላክስ ንኩ። በግንባር መብራቱ አትፍረዱ፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ እሱ ከባትሪ ሳይሆን ከጄኔሬተሩ በቀጥታ ነው የሚሠራው። ክላክሱም ዝም ካለ ፊውዝና የባትሪ ጫፎችን እዩ። ክላክሱ ከጮኸ የፍላሸሯ ተራ ነው። ሶኬቷን ንቀሉና ሁለቱን ጉድጓዶች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፣ ከዚያ ማብሪያውን ወደ አንድ ወገን ግፉ። መብራቱ ሳይበለጭልጭ ቀጥ ብሎ ከበራ ፍላሸሯ ሞታለች። ካልበራ ማብሪያው ወይም ሽቦው ነው። ባለ ሦስት እግር ከሆነች ግን ሦስተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ የማሳ ናት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስባት፤ እሷን ከነካችሁ ፊውዝ ይበላል። የትኛዋ እንደሆነች ካልለያችሁ ለባለሙያ ተዉት።

ቀኙ ይሠራል፣ ግራው የለም

ፍላሸሯ ደህና ናት፤ ለሁለቱም የምታገለግለው እሷው ናት። ማብሪያውን ፈታችሁ መንካኪያዎቹን በኮንታክት ማጽጃ እጠቡ። ቀጥሎ ፍሬቻውን አብርታችሁ መሪውን ቀስ እያላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦው መሪው አንገት ላይ ውስጥ ለውስጥ ተቆርጧል።

ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው ይደክማል

ማሳው ላልቷል ወይም ዝጓል። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላ አምፖል በኩል ያቋርጣል። የኋላ ፍሬቻው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦሎን ፍቱ፣ ብረቱ እስኪታይ ፈትጉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ጭቃ የማይለቀው ቦታ ስለሆነ ትንሽ ግሪስ ቀቡት።

ውኃ ለማስቀረት ብላችሁ ሽፋኑን ዙሪያውን በሲሊኮን የምትደፍኑም ከታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ተዉአት። የገባው ውኃ የሚወጣው በእሷ ነው።