“የአትክልት ሾርባ” ይላል፣ ውስጡ ግን የዶሮ መረቅ፦ የታሸገ ሾርባ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ፓኬቱ ፊት ላይ አትክልት ብቻ ተስሏል፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ሲቀምሰው ግን ዶሮ ዶሮ ይለዋል። ምክንያቱ ስሙ ስለ መረቁ ምንም አይናገርም፣ ካሮቱም ድንቹም በዶሮ ወይ በበሬ መረቅ ተሰርቶ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የዶሮ ስብ ይገባበታል። መፍትሄው ጀርባውን ገልብጦ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው፣ በክብደት ከብዙ ወደ ትንሽ ስለሚደረደር ትንሽ የገባው ነገር መጨረሻ አካባቢ ነው ሚገኘው፣ ቅንፍ ውስጥ ያለውንም እንዳትዘሉት። ኢ631 የሚል (ጣዕም ማጉያ ነው) ካያችሁ ከሥጋ ወይ ከዓሣ የተሰራ ሊሆን ይችላል፣ ከዕፅዋትም ይሰራል፣ ስለዚህ ቪጋን (ከእንስሳት የመጣ ነገር የሌለበት) የሚል ምልክት ከሌለው አምራቹን ጠይቁ።

ችግር፦ “ስንዴ የለውም” ተብሎ ተገዝቶ ግሉተን የማይስማማውን ሰው ሆዱን አሳመመው። እኔ ከሁሉም በላይ ሚያሳስበኝ ይሄ ነው ምክንያቱም ሰው ተጠንቅቆም ይጎዳል። ግሉተን ስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ገብስ ውስጥም አለ፣ ሾርባ ውስጥ ደግሞ በገብስ ብቅል ወይ በእርሾ ኤክስትራክት በኩል ሊገባ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ያለባቸው ዋና አለርጂ አምጪዎች 9 ናቸው፣ ስንዴ አለበት ገብስ ግን የለበትም፣ ስለዚህ ከዝርዝሩ ስር “ይዟል” የምትለዋን መስመር ብቻ አይቶ መተው አያዋጣም። “ግሉተን ፍሪ” የሚለውን ፈልጉ፣ አሜሪካም አውሮፓም ውስጥ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም ማለት ነው።

ችግር፦ ላክቶስ ፍሪ ክሬም ሾርባ የወተት አለርጂ ያለበትን ልጅ ሰውነቱን አሳበጠው። የወጣው የወተቱ ስኳር ነው እንጂ ፕሮቲኑ እዛው አለ፣ አለርጂውን ሚቀሰቅሰው ደግሞ ፕሮቲኑ ነው። ዌይ፣ ኬዚን፣ ሶዲየም ኬዚኔት ሚሉትን ካያችሁ የወተት ፕሮቲን ናቸውና መልሱት፣ ልጁ መተንፈስ ካቃተው ደግሞ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለረጅም ጊዜ ስትበሉት የነበረው ሾርባ ድንገት አልስማማ ካለ አሰራሩ ተቀይሮ ይሆናል፣ ፓኬቱ ግን ያው ሊመስል ይችላል፣ ስለዚህ በገዛችሁ ቁጥር አንብቡ። አለርጂ አምጪ ነገር “ሊኖርበት ይችላል” የሚለው ማስጠንቀቂያም በብዙ አገር በአምራቹ ፈቃድ ሚጻፍ ስለሆነ አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም።

ጨው ለተከለከለ ደግሞ ሶዲየሙን በ2.5 አባዙት፣ የጨው መጠኑ እሱ ነው፣ ግን መጀመሪያ ቁጥሩ ለሙሉ ፓኬት ነው ወይስ ለግማሹ የሚለውን እዩ።

ፓኬቱን በልታችሁ እንደጨረሳችሁ አትጣሉት፣ ሐኪም ቤት ከተሄደ መጀመሪያ ሚጠየቀው ምን በላችሁ ነው።